ዓይን አውጣ

ታኅሣሥ ነው፤ ኪኪንዳ፤ የሰርቢያ ሜዳ ጫፍ።
አደባባዩ ላይ፣ በየጥዱ ቅርንጫፍ፣
ጉጉቶች ተኝተዋል እንደ ደረቀ ፍሬ፤
ሌንሴን እንደ ጨቅላ ከደረቴ አስሬ
ከሥር ቆሜያለሁ።

እኔስ ዓይን አፋር ነኝ፤ ከዳቦ ቤት ስወጣ
መልስ እንኳ አልቆጥርም፣ ሰው ያየኛል ብዬ።
ይኼ ዕቃ ነው እንጂ፣ ይኼ ነው ዓይን አውጣ!
ክንድ ከስንዝር ዓይኑን ከፊቴ አስቀድሞ፣
እኔን እንደ ጭራ ከኋላው አስከትሎ
ከተማ የሚያዞረኝ።

መጀመሪያ የመጣው ቲሆሚር ይባላል፤
ጡረተኛ ሹፌር ነው፣ ብስክሌት ይገፋል።
«ስንት ነው?» አለኝ፤ ሰላምታው ይኸው ነው።
አፍሬ የዋጋውን ግማሽ ነገርኩት፤
በግማሹም ራሱን ያዘ።
«በዚህ እኮ፣ ወንድሜ፣ ትራክተር ይገዛል፤
ትራክተር ደግሞ ያርሳል።
ይኼ ምን ያርሳል?»
ወደ ሰማይ አየሁ። መልስ አልነበረኝም።

ዳቦ እየገመጠ መጣ አንድ ጎረምሳ፤
«የአማቼ ስልክ እኮ፣ ኪስ ውስጥ የምትረሳ፣
ጨረቃን ታነሳለች እስከነጠባሳ፤
አንተ ለአንዲት ወፍ ትሸከማለህ ሬሳ?»

ፖሊሱ ሁለት ጊዜ ዝም ብሎኝ አለፈ።
በሦስተኛው ቆመ፤
«ባንኩን አይደለም፣ አይደል?» አለኝ እየሳቀ።
ሳቁ የምር ነበር፤
መታወቂያዬን ግን አገላብጦ አየ።

ልጆቹ ብቻ ናቸው ዋጋ ያልጠየቁኝ።
ኦግንየን፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣
አፉን መስታወቱ ላይ ገጥሞ ተጣራ፣
«ማነው እዚያ ውስጥ?» እንደ ጉድጓድ።
ጆሮውን ደቀነ፤ ጠበቀ፤
«ተኝቷል» ብሎኝ ሄደ።
ትንፋሹን ስጠርግ ሩብ ሰዓት ፈጀሁ።

ከጥዱ በስተኋላ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ
ቢጫ መጋረጃ አለ።
ሌንሱ ቀና ሲል መጋረጃው ይዘጋል፤
ሌንሱ ዝቅ ሲል አንዲት ጣት ትገልጠዋለች።
ሰኞ እንዲህ ዋልን፤ ማክሰኞም እንዲሁ፤
ረቡዕ ወረደች፣
በቤት ጫማ፣ በረዶው ላይ።

«እኔን ነው?»
«ጉጉቱን ነው።»
«አሳየኝ።»

አሳየኋት። ጉጉቱ ጠርቷል፤
ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤
ከብርቱካን ዓይኑ ውስጥ አደባባዩ አለ።
ከበስተኋላው ግን ቢጫ ጭጋግ፣
በጭጋጉ መካከል ፊት የመሰለ ነገር።
«ይቺ እኔ ነኝ? ጭጋጓ?»
ሌንስ እንዲህ ነው፣ ልላት ፈልጌ ነበር፣
አንዱን ለማጥራት ሌላውን ያደበዝዛል።
ከአፌ የወጣው «ይቅርታ» ብቻ ነው።
«ራዶይካ» አለችኝ፣ ደረጃውን ስትወጣ፤
«ጭጋጓም ስም አላት።»

ሐሙስ ሌንሱ ታመመ፤ ኖቪ ሳድ ላክሁት፣ ለጠጋኝ።
ዓርብ ባዶዬን ቆምኩ፣ እጄ ከኪሴ፣ እዚያው ጥድ ሥር፤
ቲሆሚር በብስክሌቱ ለጥቂት ሳተኝ፤
ዘወርም አላለ።
ፖሊሱ አላየኝም፤ ኦግንየን እንደ ግንድ ዞሮኝ ሮጠ።
አምስት ቀን ሙሉ፣ ተዉኝ፣ ተዉኝ ስል የከረምኩት ሰውዬ
አንድ ሰው «ስንት ነው?» ቢለኝ ብዬ ተመኘሁ።
ለካ እኔን ያዩኝ የነበረው
በዚያ ባለጌ ዓይን በኩል ኖሯል።

መስታወት ተንኳኳ፣ ከላይ።
መጋረጃው ተከፍቷል፤ ጸጉሯን ተሠርታለች፤
ሁለት ጭብጧን እንደ ቱቦ ቀጥላ
ባንድ ዓይኗ ቁልቁል ታነጣጥርብኛለች።

ላጎነብስ ነበር፣ ክሬን ላስር፣
ያልተፈታ ክሬን።
ቀና አልኩ።

ጉጉት አለ ከላይ፣ ጉጉት አለ ከሥር፤
ላባ ያለው አንዱ ነው።